ኤድጋር ማርቲኔዝ እና የምት አሰልጣኝነት፦ ኳስ የመምታት ችሎታ ለሌላ ሰው የሚተላለፈው እንዴት ነው?

ከቦስተን ተነሥቶ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አይ-90 አውራ ጎዳና የሚያበቃው ሲያትል ውስጥ፣ ከከተማዋ የቤዝቦል ስታዲየም አጠገብ ነው። መኪና ከአውራ ጎዳናው ወርዶ የሚገባበት መንገድ ኤድጋር ማርቲኔዝ ድራይቭ ይባላል። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ በተለይም በታክሲና በመሰል የማጓጓዣ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ስም በመንገድ ሰሌዳ ላይ ደጋግመው አይተውታል። ቤዝቦልን ለማይከታተል ሰው ግን ሰውየው ማን እንደሆነና መንገድ ለምን እንደተሰየመለት ግልጽ ላይሆን ይችላል።

የሲያትሉ ቡድን ማሪነርስ በ2025 የውድድር ዘመን በታሪኩ ደርሶበት የማያውቅ ደረጃ ላይ ደርሶ፣ የመጨረሻው የዋንጫ ውድድር ወደ ሆነው ወርልድ ሲሪስ ለመግባት አንድ ድል ብቻ ሲቀረው በቶሮንቶ ተሸንፏል። በእነዚያ ሳምንታት የማርቲኔዝ ስም እንደገና ተደጋግሞ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ስሙ የተነሣው በተጫዋችነቱ ሳይሆን የቡድኑን የመምታት ሥልት በበላይነት ከሚመሩት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ብዙ ሰው ግን የምት አሰልጣኝን ከዋና አሰልጣኝ ጋር ያምታታዋል፤ ሌላው ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚከፈለው ተጫዋች ኳስ መምታት የሚያስተምረው ሰው ለምን እንደሚያስፈልገው ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከማርቲኔዝ የሕይወት መንገድ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጨዋታው የትኛውን ማወቅ ይበቃል?

ቤዝቦል ብዙ ሕጎች አሉት፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ጥቂቶቹ ይበቃሉ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ኳስ ይወረውራል፤ መቺው ደግሞ የእንጨት መምቻ ይዞ፣ ሆም ፕሌት ከሚባለውና ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር ከሆነው መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌዳ አጠገብ ይቆማል። ከሰሌዳው በላይ፣ ከመቺው ጉልበት ሥር እስከ ደረቱ አጋማሽ ያለው ባዶ ቦታ የስትራይክ ክልል ይባላል። ኳሱ በዚህ ክልል አልፎ መቺው ካልመታው፣ ወይም ኳሱ የትም ቢያልፍ መቺው ሰንዝሮ ከሳተው፣ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ስትራይክ የሞላበት መቺ ይወጣል። ኳሱ ከክልሉ ውጭ ሲያልፍ መቺው እጁን ከሰበሰበ ደግሞ ለእርሱ ይቆጠርለታል፤ አራት ከሞላለት ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ በነጻ ይራመዳል። መቺው ኳሱን ሜዳ ውስጥ መትቶ ሳይያዝ ቤዝ ላይ ከደረሰ ምቱ ይመዘገብለታል፤ በአንድ ምት ሁለተኛው ቤዝ ላይ ከደረሰ ደብል፣ ኳሱን ከአጥሩ ባሻገር ከላከው ደግሞ ሆም ረን ይባላል።

ሁለት መለኪያዎችንም ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የምት አማካይ ነው፤ የተመዘገቡት ምቶች ለሙከራዎቹ ብዛት ተካፍለው የሚገኝ ቁጥር ነው። አማካዩ 0.300 የሆነ ተጫዋች ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ ተሳክቶለታል ማለት ነው፤ ይህም በጣም ጥሩ መቺ ያሰኘዋል። ሁለተኛው መለኪያ በነጻ የተራመደባቸውንም ጊዜያት ጨምሮ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠኑን ያሳያል። ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ የሚሳነው ሰው የተዋጣለት ተብሎ የሚጠራበት ሥራ መሆኑን ማስተዋል፣ የአሰልጣኙን ሚና ለመረዳት በር ይከፍታል።

መምታት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ፣ ማለትም በሜጀር ሊግ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጓዝ ኳስ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እንዲህ ያለው ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ ሆም ፕሌት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሰከንድ አራት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። መምቻውን ወዝውዞ ኳሱ ጋር ለማድረስ ከዚህ ላይ 0.15 ሰከንድ ገደማ ይወሰዳል። የሚተርፈው ሩብ ሰከንድ የሚሆን ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓይን ኳሱን ማየት፣ አእምሮ ዓይነቱን መለየትና የሚያልፍበትን ቦታ መገመት፣ ከዚያም ለመምታት ወይም ለመተው መወሰን፣ ትእዛዙም እጅና እግር ላይ መድረስ አለበት።

ችግሩ በፍጥነት ብቻ አያበቃም። ወርዋሪው በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ቀጥ ያለ ፈጣን ኳስ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ጎን የሚሸሽ ኳስ፣ ወይም ፈጣን መስሎ ዘግይቶ የሚደርስ ኳስ መወርወር ይችላል። መቺው ከሚያገኛቸው ጥቂት ፍንጮች አንዱ በኳሱ ላይ ያለው ቀይ ስፌት የሚሽከረከርበት ሁኔታ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ድቡልቡል ነገሮች በትክክል መገናኘት አለባቸው፤ የኳሱ ውፍረት 7 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ የመምቻው ውፍረት ደግሞ በሕጉ መሠረት ከ6.6 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ አይችልም። መምቻው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ ኳሱ በትክክል በመጋጨት ፈንታ ከመስመሩ ውጭ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ኳሱ አየር ላይ እያለ መቺው ቆም ብሎ ማሰብ አይችልም፤ የሚያስበውን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ መጨረስ አለበት። ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጠብቅ፣ የትኛውን እንደሚተው፣ ኳሱን ወደ የትኛው የሜዳው ክፍል ለመላክ እንደሚዘጋጅ ወደ ቦታው ከመቆሙ በፊት መወሰን ይኖርበታል። በእንግሊዝኛው አነጋገር አፕሮች የሚባለው ይህ ዝግጅት ነው፤ የምት አሰልጣኝ ዋናው ሥራም በዚህ ዝግጅት ላይ ያርፋል።

ማርቲኔዝ ማን ነው?

በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወልዶ፣ በፖርቶ ሪኮ ዶራዶ በምትባል ከተማ በአያቶቹ እጅ አደገ። ተለያይተው የነበሩት ወላጆቹ ታርቀው ወደ ኒው ዮርክ ሲመለሱ፣ የ11 ዓመቱ ኤድጋር ከአያቶቹ ጋር መቅረትን መረጠ። በ1982 መጨረሻ ማሪነርስ ሲያስፈርመው ዕድሜው ወደ 20 እየተጠጋ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እየተማረ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። የፊርማ ክፍያው 4,000 ዶላር ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን እንኳ ክለቡ ብዙ ተስፋ እንዳልጣለበት የሚያሳይ ገንዘብ ነው።

ጅምሩም የተስፋውን ማነስ የሚያረጋግጥ መስሎ ነበር። በ1983 ቤሊንግሃም ውስጥ፣ ማይነር ሊግ በሚባለው የታዳጊዎች እርከን፣ ያስመዘገበው አማካይ 0.173 ነበር፤ አንድም ሆም ረን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በካልጋሪ ቡድን በ1987 0.329፣ በ1988 ደግሞ 0.363 መታ። ሆኖም በእርሱ ቦታ ላይ ሌላ ተጫዋች ስለነበረ ክለቡ በር ሳይከፍትለት ቆየ። ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በ1990፣ በ27 ዓመቱ ነው። ብዙ ተጫዋቾች በዚያ ዕድሜ ከሜጀር ሊግ ሕይወታቸው ግማሹን ጨርሰዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1992 0.343 መትቶ የሊጉ ከፍተኛ መቺ ሆነ። በ1993 ውድድሩ ሊጀመር ሲል በወዳጅነት ጨዋታ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተቀደደ፤ የሚቀጥለውም ዓመት በጉዳት ተበላሸ። ክለቡ እግሩን ለማዳን ሲል መከላከሉን አስትቶ በመምታቱ ብቻ እንዲሰለፍ አደረገው። ይህን የሚፈቅደው ሕግ ሜጀር ሊግ ከተከፈለባቸው ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነውና ማሪነርስ የሚጫወትበት የአሜሪካ ሊግ በ1973 ያወጣው ነው፤ በሕጉ መሠረት ወርዋሪው መምታት አይጠበቅበትም፣ በምትኩ ሜዳ ገብቶ የማይከላከል አንድ ተመዳቢ መቺ ይሰለፋል። ሌላኛው የናሽናል ሊግ ሕጉን በቋሚነት የተቀበለው በ2022 ነው።

በ1995 ማርቲኔዝ 0.356 መትቶ ዳግመኛ የአሜሪካ ሊግ አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 52 ደብሎችን አስመዘገበ። ሲያትል እስከ ዛሬ የምትናገርለት ምት የተመታው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 8 ቀን ነው። ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ አምስተኛና ወሳኝ ጨዋታ 11ኛ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ በሚመቱበት 11ኛ ዙር፣ ማሪነርስ 5 ለ 4 እየተመራ ሳለ፣ ማርቲኔዝ ወደ ግራው የሜዳ ክፍል ደብል መታ፤ ቤዝ ላይ የነበሩት የቡድን ጓደኞቹ ጆይ ኮራ እና ኬን ግሪፊ ጁኒየር ሮጠው ገብተው ነጥብ አስቆጠሩ፤ ጨዋታውም 6 ለ 5 ተጠናቀቀ። በዚያ ወቅት ክለቡ አዲስ ስታዲየም ካልተሠራለት ከተማዋን ለቆ ይሄዳል የሚል ሥጋት ነበር፤ የአካባቢው መራጮችም ለስታዲየሙ የቀረበውን የግብር ጭማሪ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በጠባብ ልዩነት ውድቅ አድርገውት ነበር። ከድሉ በኋላ የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት በዚያው ወር የገንዘብ ምንጭ አጸደቀ፤ ስታዲየሙም በ1999 ተከፈተ። የመንገዱ ስያሜ ያለ ምክንያት አለመሆኑ ከዚህ ይገባል።

ማርቲኔዝ ጫማውን በ2004 ሲሰቅል አማካዩ 0.312፣ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠኑ 0.418፣ ሆም ረኖቹ 309 ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሰውየውን ጠባይ የሚናገሩት ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ይመስሉኛል፦ በነጻ የተራመደው 1,283 ጊዜ ሲሆን፣ በሦስት ስትራይክ የወጣው 1,202 ጊዜ ነው። ኃይል ያላቸው መቺዎች አብዛኞቹ ከሚራመዱት ይልቅ በስትራይክ የሚወጡት ይበዛል። እርሱ መጥፎውን ኳስ መተው ያውቅ ነበር። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ግን ስሙን ያስገባው በ2019፣ በድምፅ አሰጣጡ በዐሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ ነው፤ ሜዳ ገብቶ የማይከላከል ተጫዋች ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጅቷል።

በታመመ ዓይን እንዴት መታ?

የማርቲኔዝን አሰልጣኝነት ለመረዳት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ጉዳይ ነው። ማርቲኔዝ በሕክምናው ስትራቢስመስ የሚባል፣ በተለምዶ ሸውራራነት የምንለው ዓይነት ችግር ነበረበት፤ ሁለቱ ዓይኖቹ ሁልጊዜ ወደ አንድ ነጥብ አይመለከቱም ነበር፣ ቀኝ ዓይኑ ሳይፈልግ ከመስመር ይወጣበት ነበር። ሰው የነገሮችን ርቀት በትክክል የሚያውቀው ሁለት ዓይኖቹ ከተለያየ ማዕዘን ያዩትን አእምሮው ሲያዋሕደው ነው። አንዱ ዓይን ሲሸሽ ውሕደቱ ይፈርሳል። ወደ ራሱ የሚመጣ ኳስ ምን ያህል እንደቀረበ በሩብ ሰከንድ መገመት ላለበት ሰው፣ ከዚህ የከፋ እንቅፋት ማሰብ ይከብዳል።

መፍትሔው ለዓመታት ያላቋረጠ ልምምድ ነበር። ከጨዋታ በፊት በየቀኑ ጊዜ ወስዶ ዓይኖቹን ያሠለጥናል፤ እይታውን ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ እያመላለሰ ሁለቱ ዓይኖች አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል። ከማሽን በፍጥነት የሚወጡ የቴኒስ ኳሶች ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለማንበብ ይሞክራል። የመምቻዎቹን ክብደት እንኳ በትንሽ ሚዛን ይመዝን ነበር፤ እንጨት እርጥበት ሲስብ ይከብዳል፣ ጥቂት ግራም ልዩነትም የእጁን ፍጥነት ይለውጥበታልና።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ማርቲኔዝ መምታትን እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ተቀብሎ ዝም ብሎ አልተጠቀመበትም፤ ክፍል በክፍል ፈትቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደሚሠራ አውቆ እንደገና ገጣጥሞታል። የዝና አዳራሽ የገባው የያንኪሱ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው መቺ ማርቲኔዝ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል፤ ከ19 ሙከራ 11 ጊዜ መትቶበታልና። ራሱ ፈትቶ የገጣጠመውን ነገር ደግሞ ሰው ለሌላው ማስረዳት ይችላል።

የምት አሰልጣኝ ውሎ ምን ይመስላል?

ጨዋታው የሚጀመረው ማታ ቢሆንም፣ የምት አሰልጣኝ ስታዲየም የሚደርሰው ከቀትር ጀምሮ ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያ በዚያ ዕለት የሚገጥማቸውን ወርዋሪ ያጠናል፦ በየትኛው ሁኔታ የትኛውን ኳስ እንደሚወረውር፣ ሁለት ስትራይክ ሲሞላለት በምን እንደሚጨርስ፣ የግራና የቀኝ እጅ መቺዎችን እንዴት ለያይቶ እንደሚያጠቃ። ከዚህ ክምር መረጃ ለእያንዳንዱ መቺ የሚሆነውን አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ይመርጣል። ሩብ ሰከንድ ውስጥ ዐሥር ምክር የሚያስታውስ ሰው የለም።

ከዚያ ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ወደሚገኘው፣ በመረብ ወደታጠረው የልምምድ ክፍል ይወርዳል። እዚያ የሚታየው ሥራ ለተመልካች አሰልቺ ሊመስል ይችላል። አሰልጣኙ ከመከላከያ መረብ ኋላ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ካለው ባልዲ ኳስ እያነሣ ከእጁ ሥር ለስለስ አድርጎ ይወረውራል፤ መቺው ይመታል፤ እንደገና ይወረውራል። አሰልጣኙ ዓይኑ የሚያርፈው ኳሱ በሄደበት ላይ አይደለም። የሚያየው የመቺው የፊት እግር መሬት የረገጠበትን ቅጽበት፣ በሚወዘውዝበት ጊዜ ራሱ ወደ ፊት መሄድ አለመሄዱን፣ የትከሻው ቀድሞ መከፈት አለመከፈቱን ነው። መምቻው ኳሱን ሲያገኝ የሚሰማው ድምፅም ይነግረዋል፤ በመምቻው ወፍራም ክፍል መሃል የተመታ ኳስ ድምፁ ይለያል።

መረጃውም ተጨምሯል። ከ2015 ጀምሮ በሜጀር ሊግ ስታዲየሞች ሁሉ የተተከሉ መሣሪያዎች ኳሱ ከመምቻው የወጣበትን ፍጥነትና ወደ ላይ የወጣበትን ማዕዘን ይለካሉ። በዚህ ምክንያት ቡድኖች አንድ የነበረውን የምት አሰልጣኝ ወደ ሁለትና ሦስት ሰዎች አሳድገዋል፤ ከእነርሱም መካከል በሜጀር ሊግ አንድም ቀን ተጫውተው የማያውቁ፣ ግን ቁጥሮችንና የሰውነት እንቅስቃሴን በጥልቀት ያጠኑ ወጣቶች ይገኛሉ።

ውድድሩ በመደበኛው ወቅት ብቻ በስድስት ወር ገደማ 162 ጨዋታ አለው። ስለዚህ ከሥራው ትልቁ ክፍል ምናልባትም የሰውን መንፈስ መጠበቅ ነው። ለሁለት ሳምንት ኳስ አልገናኝ ያለው መቺ አቋቋሙን፣ አያያዙን፣ መምቻውን፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ ይጀምራል። የትኛው በእርግጥ እንደተበላሸ፣ የትኛው ደግሞ ዕድል ብቻ እንደሆነ ለይቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ምክር ምንም አለመለወጥ ነው።

ታላቅ መቺ ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል?

አይሆንም፤ ታሪኩም ይህን ደጋግሞ አሳይቷል። ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን በመምታት እስካሁን ያልተሰበረ ክብረ ወሰን የያዘ ተጫዋች ነው፤ በ2016 የማያሚ ማርሊንስ የምት አሰልጣኝ ሆኖ ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰናብቷል። በተቃራኒው በ1970ዎቹ በሙያው እጅግ የተከበረው አሰልጣኝ ቻርሊ ላው በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ያስመዘገበው አማካይ 0.255፣ ሆም ረኖቹም 16 ብቻ ነበሩ። በካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ያሠለጠነው ጆርጅ ብሬት ግን በ1980 0.390 መታ፤ የመምታት ሕይወቱን የቀረጸለት ላው መሆኑንም ዕድሜውን ሁሉ ሲመሰክር ኖሯል።

የምት አሰልጣኝ ሥራ ከቅኔ መምህር ሥራ ጋር ይመሳሰላል። መምህሩ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በነገራ ጊዜ ሰምቶ፣ ቤቱ የት እንደተሰበረ፣ ምሥጢሩ የት እንደሳሳ ያሳየዋል፤ በማኅሌት ቆሞ ቅኔውን የሚዘርፈው ግን ተማሪው ራሱ ነው። መምህሩ እጅግ የተዋጣለት ባለቅኔ ሊሆን ይችላል፤ ያ ብቻውን የተማሪውን ስሕተት ለይቶ የማየት ችሎታ አይሰጠውም። መምታት ያለ ብዙ ድካም የመጣለት ሰው፣ ለሌላው ለምን እንደማይመጣለት ላይገባው ይችላል። ለራሱ ሰውነት የተስማማውን አቋቋም በሌላው ሰውነት ላይ ለመጫንም ይፈተናል። ላው አማካይ ችሎታ ስለነበረው፣ ማርቲኔዝ ደግሞ ታላቅ ቢሆንም በዓይኑና በዘገየ ጅምሩ ምክንያት እያንዳንዱን እርምጃ በሥራ ስለገዛው፣ ሁለቱም ከዚህ ፈተና የዳኑ ይመስለኛል።

ማርቲኔዝ አሰልጣኝ ሆኖ ምን አደረገ?

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ለዐሥር ዓመታት ያህል ከቤተሰቡና ከንግድ ሥራው ጋር ቆየ። በጁን 2015 የማሪነርስ መቺዎች ተዳክመው ሳለ ክለቡ ሃዋርድ ጆንሰንን አንሥቶ ማርቲኔዝን የምት አሰልጣኝ አደረገው፤ እስከ 2018 መጨረሻም በዚያው ሥራ ቆየ። በጸጥተኛነቱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ መናገሩም ከዶሚኒካንና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ከመጡት ተጫዋቾች ጋር ያለ አስተርጓሚ እንዲሠራ አስችሎታል።

በኦገስት 2024 እንደገና ተጠራ። ማሪነርስ በጁን በ10 ጨዋታ ልዩነት ምድቡን እየመራ ነበር፤ መቺዎቹ ግን በስትራይክ በመውጣት ከ30ዎቹ ቡድኖች ሁሉ የባሱ ሆኑ፣ መሪነቱም አመለጠ። ክለቡ ዋና አሰልጣኙን ስኮት ሰርቬስንና የምት አሰልጣኙን አሰናብቶ፣ የማርቲኔዝን የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ዳን ዊልሰንን ዋና አሰልጣኝ፣ ማርቲኔዝን ደግሞ የምት አሰልጣኝ አደረገ። እስከዚያ 64 አሸንፎ 64 ተሸንፎ የነበረው ቡድን ከቀሩት 34 ጨዋታዎች 21ዱን አሸነፈ፤ ወደ ጥሎ ማለፉ ለመግባት ግን አንድ ጨዋታ አነሰው። ማርቲኔዝ ያጸናው ትምህርት አዲስ አልነበረም፦ ኳሱን ወደ ሜዳው መሃልና መቺው ከቆመበት ተቃራኒ ወደሆነው ጎን መምታት፣ ሁለት ስትራይክ ሲሞላ ለኃይል ከመወዝወዝ ይልቅ ኳሱን ማግኘት። ሆም ረን ብቻ የሚፈልግ መቺ ቀድሞ መወዝወዝ አለበት፤ ወደ ተቃራኒው ጎን ለመምታት የሚዘጋጅ ግን ኳሱን ለጥቂት ተጨማሪ ቅጽበት ያያል። ሩብ ሰከንድ ላይ የምትጨመር ቅጽበት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አይተናል።

በ2025 የሥራ ክፍፍሉ ተለወጠ። በአትላንታ ለዐሥር ዓመት የሠራው፣ እርሱም የቀድሞ ተጫዋች የሆነው ኬቨን ሳይትዘር የዕለት ተዕለቱን የምት አሰልጣኝነት ሲይዝ፣ ማርቲኔዝ የምት ስትራቴጂ ከፍተኛ ዳይሬክተር ተባለ። ቡድኑ 90 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን መራ፤ ካል ራሊ 60 ሆም ረን መታ።

ለውጡ የአሰልጣኙ ነው ማለት ይቻላል?

በጥንቃቄ ካልሆነ አይቻልም። ማርቲኔዝ ሥራውን ከያዘ በኋላ በ2015 ሁለተኛ አጋማሽ የሮቢንሰን ካኖ አማካይ ከ0.251 ወደ 0.331 ወጣ፤ ካኖ ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሆድ ሕመም ሲሠቃይ እንደነበር ተናግሯል። ቡድኑ በ2015 ያስቆጠረው 656 ነጥብ በ2016 ወደ 768 አደገ፤ በመሃሉ ግን ክለቡ አዲስ አስተዳደርና ብዙ አዳዲስ ተጫዋቾች አምጥቷል። በዚያ ላይ የሲያትል ስታዲየም በቀዝቃዛውና በከባዱ የባሕር አየር ምክንያት ለመቺዎች ከሚከብዱት አንዱ ነው። የሕመም፣ የሜዳ፣ የዕድልና የአሰልጣኝ ድርሻ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ለያይቶ የሚያወጣ መለኪያ የለም። ቡድን ሲዳከም የምት አሰልጣኞች በውድድሩ መሃል ቀድመው የሚባረሩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ተጫዋቾቹን ሁሉ መቀየር አይቻልም፣ አንድ አሰልጣኝ መቀየር ግን ይቻላል።

ተመልካቹ ይህን ሥራ የት ሊያየው ይችላል?

ጨዋታ ሲያዩ መቺው የመጀመሪያ ተራውን ጨርሶ ወደ ተጠባባቂዎቹ መቀመጫ ሲመለስ ይከታተሉት። ብዙውን ጊዜ ታብሌት አንሥቶ የተወረወሩለትን ኳሶች ይመለከታል፤ አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ቃል የሚናገረው ሰው የምት አሰልጣኙ ነው። ከዚያ ያው መቺ ከያው ወርዋሪ ጋር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኝ ልዩነቱን ይፈልጉ፦ በመጀመሪያው ተራ ያሳሳተውን ወደ ጎን የሚሸሽ ኳስ አሁን ይተወዋል? ሁለት ስትራይክ ሲሞላበት አወዛወዙን ያሳጥራል? ኳሱን ጎትቶ ወደ ራሱ ጎን ከመላክ ይልቅ በመጣበት አቅጣጫ ይመልሰዋል? መቺው ምት ሳያስመዘግብ ቢወጣ እንኳ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ አዎን ከሆነ ከቀትር በኋላ በመረቡ ውስጥ የተሠራው ሥራ ይዟል ማለት ነው።